ጡት ለማስተለቅ ቀብድ ልልክ ነው፤ ያደረጋችሁ እውነቱን ንገሩኝ

ማለዳ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም እህቶች። ሁሌ አነባለሁ እንጂ እዚህ ጽፌ አላውቅም። 27 ዓመቴ ነው፣ አልወለድኩም። ከልጅነቴ ጀምሮ ደረቴ ልጥፍ ያለ ነው። ቀሚስ ባሰፋሁ ቁጥር ልብስ ሰፊዋ ደረቱን ታጠብልኛለች። ለማንም ብዬ አይደለም፣ ለራሴ ነው የምፈልገው። ሁለት ዓመት ሙሉ አጠራቅሜያለሁ።

እዚህ የጠየቁኝ ዋጋ ከአቅሜ በላይ ሆነ። ኢስታንቡል ካለ አንድ ክሊኒክ ጋር በዋትሳፕ ተነጋገርኩ። ሆቴልና ሹፌር ጨምረው ግማሹን በማይሞላ ዋጋ እንሠራለን አሉኝ። በ5ኛው ቀን አውሮፕላን መሳፈር ትችያለሽ ብለውኛል። የቀረኝ ቀብድ መላክ ነው።

ጓደኞቼ «አንዴ ነው፣ ያልፋል» ይላሉ። ዩቲዩብ ላይ ደግሞ የሚያስፈራ ነገር አያለሁ። ማንን እንደማምን ጠፋኝ። ያደረጋችሁ ወይም በሙያው ያላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ቀለመወርቅ (አትላንታ)

እግዜር በፈጠረሽ ላይ ምን ልትጨምሪ ነው? ገንዘብሽን ለእናትሽ ላኪላት።

ሶስና (ሲያትል)

ቀለመወርቅ፣ ልጅቷ የጠየቀችው ስለ ጤናዋ ነው። መልስ ካለሽ መልሺላት።

አወያይ

እዚህ ክር ላይ ስለ ኦፕራሲዮኑ እንነጋገር። ልጅቷን መውቀስ ይብቃ።

የሌሊት ተረኛ (ቨርጂኒያ)

ማለዳ፣ ቀብዱን ሳትልኪ በመጠየቅሽ በጣም ደስ ብሎኛል። ነርስ ነኝ፤ ኦፕራሲዮን ክፍል 14 ዓመት ሠርቻለሁ። ሐኪምሽን የሚተካ ነገር አልጽፍም። ግን በዓይኔ ያየሁት አለ።

መጀመሪያ «አንዴ ነው፣ ያልፋል» የሚለውን ከጭንቅላትሽ አውጪው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ ኤፍዲኤ፣ ራሱ ጡት ውስጥ የሚገባው ከረጢት (ሲሊከን የምንለው) የዕድሜ ልክ ዕቃ አይደለም ይላል። በቆየ ቁጥር ችግር የማምጣት ዕድሉ ይጨምራል። ለውበት ብለው ካስገቡት መካከል በ10 ዓመት ውስጥ የሚያስወጡት ከየ5ቱ ሴት እስከ 1 ይደርሳሉ። አንቺ ገና 27 ነሽ። ስለዚህ ሒሳቡን ስትሠሪ የሁለተኛውን፣ ምናልባትም የሦስተኛውን ኦፕራሲዮን ዋጋ አብረሽ ያዢ።

ብዙ ጊዜ የማየው ችግር መኮማተር ነው። ሰውነት ባዕድ ነገር ሲገባበት ዙሪያውን በስስ ጠባሳ ይሸፍነዋል። ይሄ በሁሉም ሴት ላይ ይሆናል፣ በራሱ በሽታ አይደለም። አንዳንዷ ላይ ግን ጠባሳው እየወፈረ፣ እየተሰበሰበ ሄዶ ሲሊከኑን ይጨምቀዋል። ሐኪሞች ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይሰጡታል። 1 ላይ ጡቱ ለስላሳ ነው። 3 ላይ ጠንክሮ ቅርጹ ሲዛባ ከውጭ ይታያል። 4 ላይ ያማል። ለኦፕራሲዮን ሳዘጋጃት የነካኋት አንዲት ሴት አለች፤ ያልበሰለ አቮካዶ የጨበጥኩ ነው የመሰለኝ። ሌሊት በጎኗ መተኛት ካቆመች ዓመት አልፏት ነበር።

ሌላው መቀደድ ነው። የጨው ውሃ ያለበት ዓይነት ከተቀደደ ወዲያው ታውቂዋለሽ። ውሃውን ሰውነት ይመጠውና ጡቱ ይሟሽሻል። ሲሊከኑ ግን ወፍራም ጄል ነው፤ ተቀዶም እዚያው ይቀመጣል። ሴትየዋ ሥራ ትሄዳለች፣ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ምንም አታውቅም። ለዚህ ነው ኤፍዲኤ በ2020 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ምልክት ባይኖርም ከ5 እስከ 6 ዓመት ላይ በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ ይታይ፣ ከዚያ በየ2 ወይም 3 ዓመቱ ይደገም ያለው። ለውበት የተሠራ ከሆነ ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ ይሄን አይከፍልም። ከኪስሽ ነው። (በካንሰር ምክንያት ጡታቸው ለወጣ ሴቶች ግን ሌላ ነው፤ ጡት ማስወጣቱን የሸፈነ ኢንሹራንስ መልሶ መሥራቱንም እንዲሸፍን የሚያስገድድ ሕግ ከ1998 ጀምሮ አለ። ይሄን የምታነብ ካለች እንድታውቀው ብዬ ነው።)

አሁን ስለ አውሮፕላኑ። 5ኛው ቀን ያሉሽ ነገር አናደደኝ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያው፣ ሲዲሲ፣ ደረቱን ወይም ሆዱን ኦፕራሲዮን የሆነ ሰው ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 10 ቀን ይቆይ ይላል። ከኢስታንቡል እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ አየር ማረፊያ ከ10 ሰዓት በላይ ተቀምጠሽ ነው የምትመጪው። ከኦፕራሲዮን በኋላ ደም ለመርጋት የቀረበ ነው። እግር ላይ የረጋ ደም ተነስቶ ሳንባ ከገባ ሰው ይገድላል።

ኢንፌክሽንም ሁሉ ጊዜ በሁለተኛው ቀን አይነሳም። ከሳምንታት፣ ከወራት በኋላ የሚነሳ አለ። ከሳንባ ነቀርሳው ጋር ዘመድ የሆነ ባክቴሪያ አለ፤ የተለመደው አንቲባዮቲክ አይነካውም። በ2013 እና 2014 ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሄደው የውበት ኦፕራሲዮን ያደረጉ ሴቶች ይዘውት ተመልሰው ሲዲሲ መርምሮታል። ሕክምናው ለወራት የሚወሰድ መድኃኒት ነው፤ ብዙ ጊዜ ሲሊከኑም መውጣት አለበት። ያኔ የሠራሽ ሐኪም ኢስታንቡል ነው፣ አንቺ ሲልቨር ስፕሪንግ ነሽ። እዚህ ያለው ሐኪም ደግሞ ሌላ ሰው የሠራውን መንካት ብዙም አይወድም።

አንድ ነገር ልጨምር። ጆሮሽን ስትበሺ አብጦ ጠጥሮ ነበር? የኛ ዓይነት ጥቁር ቆዳ ላይ ጠባሳ ማበጥ፣ ኬሎይድ የሚሉት፣ ይበዛል። ከነበረብሽ ለሐኪሙ ሳይጠይቅሽ ንገሪው። ሲጋራም ሆነ ሺሻ የምታጨሺ ከሆነ አትደብቂ። ቁስል አላድን ይላል።

ማለዳ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጆሮዬ አብጦ ነበር። አንድም ሰው አልጠየቀኝም። የጠየቁኝ ክብደቴን፣ የምፈልገውን መጠንና ፎቶ ብቻ ነው።

ብርቱካን (ለንደን)

ማለዳ የኔ እህት፣ እኔ አድርጌያለሁ። ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ልንገርሽ።

በ2009 ነው ያስገባሁት። 31 ዓመቴ ነበር። ሲሊከን፣ መጠኑ 325 ሲሲ። አልዋሽሽም፣ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ፎጣ ለብሼ መስታወት ፊት እቆማለሁ። ልብስ ሁሉ ልክ ሆነልኝ። ሐኪሙ የቆረጠው በጡቴ ጫፍ ዙሪያ፣ ጥቁሩ ቆዳ ከሚያልቅበት ላይ ነበር። ጠባሳው እንዳይታይ ነው አለኝ። እውነቱን ነው፣ ጠባሳው አይታይም። የግራው ጫፍ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንም አይሰማውም። በረዶ ብታስነኪው አያውቅም።

በ2013 ልጄን ወለድኩ። የቀኙ ወተት ሰጠ። ከግራው ጠብ አልል አለ። ልጄ ይስባል፣ ይስባል፣ ከዚያ ፊቱን አዙሮ ያለቅሳል። እናቴ ልትጠይቀኝ ከአዲስ አበባ መጥታ አጥሚት ትሠራልኛለች። «ጠጪ፣ ይመጣል» ትለኛለች። ምክንያቱን አልነገርኳትም። አፈርኩ። በአንድ ጡትና በቆርቆሮ ወተት አሳደግኩት።

በ2017 ግራው ከቀኙ ከፍ ማለት ጀመረ። ጡት ማስያዣው በአንድ በኩል ይጎብጣል። ስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ስሰግድ፣ ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ደረቴ ላይ ድንጋይ የታሰረብኝ ያህል ይወጋኛል። አሥር ሳልሞላ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበሩት እናት «ልጄ አመመሽ?» አሉኝ። በሳምንቱ አልትራሳውንድ ተነሳሁ፣ ከዚያ ኤምአርአይ። ተቀዷል አሉኝ። መቼ እንደተቀደደ የሚያውቅ የለም።

ማስወጣቱ ከማስገባቱ ይከብዳል። ሦስት ሰዓት ፈጀ። ጠባሳው የጎድን አጥንቴ ላይ ተለጥፎ ስለነበር እየላጡ ነው ያወጡት። በሁለቱም ጎኔ ቀጭን ቱቦ ተሰክቶ ደም ወደ ትንሽ ጠርሙስ ይወርዳል። በየጠዋቱ ጠርሙሱን እያፈሰስኩ ልኬቱን ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ለአንድ ሳምንት ሶፋ ላይ ተቀምጬ ነው የተኛሁት። ልጄ የ4 ዓመት ልጅ ነበር። ልቀፍሽ ሲለኝ እጄን ዘርግቼ አገዳዋለሁ።

የወጣውን አሳይተውኛል። በፕላስቲክ ሣህን ነበር። ስገባ ያየሁት ናሙና እንደ ውሃ የጠራ ነበር። ይሄ ቢጫ ሆኗል፣ በጓንት ሲነኩት እንደ ማር ይሳባል።

አሁን ምንም የለኝም። ቆዳው ወርዷል፣ ግራና ቀኙ እኩል አይደለም። ከመጀመሪያው ይልቅ አንሷል። ግን በሆዴ እተኛለሁ።

ማለዳ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ብርቱካን፣ አልቅሼ ነው ያነበብኩት። መውለድ እፈልጋለሁ። ወተቱ የጠፋው በአቆራረጡ ነው?

የሌሊት ተረኛ (ቨርጂኒያ)

በጫፉ ዙሪያ ሲቆረጥ የወተት መስመርና ነርቭ የመነካት ዕድሉ ይበልጣል። ከጡት ሥር እጥፋቱ ላይ ሲቆረጥ ያንሳል። ያንሳል እንጂ ዋስትና የለውም። ብዙ ሴቶች ሲሊከን እያላቸው ያጠባሉ፤ ማጥባት ያቃታቸውም አሉ። የት እንደሚቆርጥና ለምን እዚያ እንደሚቆርጥ ሐኪሙን ራሱን ጠይቂው። ዋትሳፕ ላይ የምታወሪያት ልጅ ሐኪም አይደለችም።

ብርቱካን፣ ስለ ጻፍሽው አመሰግንሻለሁ።

ደስታ በደስታ (ዱባይ)

እኔ ግን ሌላውን ጎን ልናገር። በ2016 ባንኮክ ሄጄ አስገባሁ። እስከ ዛሬ አንድም ቀን አላመመኝም። ለስላሳ ነው፣ ቅርጹ ያምራል፣ በራሴ እተማመናለሁ። ልጅቷን አታስፈራሯት። መኪናም ይጋጫል፣ ሰው መንዳት ግን አላቆመም።

የሌሊት ተረኛ (ቨርጂኒያ)

ደስታ፣ ደህና በመሆንሽ ከልቤ ደስ ብሎኛል። አብዛኛዋ ሴት እንዳንቺ ናት፣ ያንቺም እዚህ መጻፉ ጥሩ ነው። አንድ ልጠይቅሽ። ካርድሽ አለሽ? ከገባ ወዲህስ ታይተሽ ታውቂያለሽ?

ደስታ በደስታ (ዱባይ)

የምን ካርድ?

የሌሊት ተረኛ (ቨርጂኒያ)

ከሲሊከኑ ጋር የሚሰጥ ትንሽ ካርድ አለ። የሠራው ኩባንያ፣ ሞዴሉ፣ መጠኑ፣ መለያ ቁጥሩ፣ ላዩ ልሙጥ ይሁን ሻካራ ይጻፍበታል። አንዳንድ ቦታ ካርድ ሳይሆን ከማሸጊያው የተላጠ ተለጣፊ ወረቀት ነው የሚሰጡት። ፈልጊው።

መድኃኒት ቤት (አዲስ አበባ)

ወንድ ብሆንም ይፈቀድልኝ። ፋርማሲስት ነኝ። ነርሷ ስለ ካርዱ ያለችው ለምን እንደሆነ ልግለጽ።

ፈረንሳይ ውስጥ ፒአይፒ የሚባል ኩባንያ ነበር። ለሕክምና የተፈቀደውን ሲሊከን ትቶ ርካሹን፣ ለኢንዱስትሪ የሚሆነውን ይሞላ ነበር። በፈረንጆቹ 2010 ተደረሰበት። እስከዚያ ድረስ በ65 አገሮች ወደ 400,000 የሚጠጉ ሴቶች ሰውነት ውስጥ ገብቷል ተብሎ ይገመታል። ቶሎ ቶሎ ይቀደድ ነበር። የኩባንያው መሥራች ዣን ክሎድ ማስ በ2013 የ4 ዓመት እስር ተፈረደበት። ዜናው ሲወጣ ብዙ ሴቶች «የኔስ ከዚያ ነው?» ብለው የሠራቸውን ክሊኒክ ቢፈልጉ፣ አንዳንዱ ተዘግቷል፣ አንዳንዱ መዝገብ የለውም። ካርድ የያዘች ሴት ግን በአምስት ደቂቃ ታውቃለች።

ሁለተኛው ስለ ሻካራው ነው። የአንዳንዱ ሲሊከን ላይኛው ክፍል እንዳይዞር ተብሎ ሻካራ ተደርጎ ይሠራል። ኤፍዲኤ በ2011 ከጡት ሲሊከንና በዙሪያው ካለው ጠባሳ ጋር ሊገናኝ ስለሚችል አንድ የሊምፎማ ዓይነት አስጠነቀቀ። የጡት ካንሰር አይደለም። በሽታ ከሚከላከሉት የሰውነት ሴሎች የሚነሳ ካንሰር ነው። በኋላ ሲታይ በብዛት የተገኘው ሻካራው ዓይነት ባለባቸው ሴቶች ላይ ነው። በሚያዝያ 2019 ፈረንሳይ ከሻካራው ዓይነት የተወሰኑትን ከለከለች። በሐምሌ ደግሞ አለርጋን የተባለው ኩባንያ በኤፍዲኤ ጥያቄ ባዮሴል የሚለውን ሻካራ ምርቱን ከመላው ዓለም ሰበሰበ።

በሽታው ብዙም የሚያጋጥም አይደለም፣ ማንም እንዳይደነግጥ። ምልክቱን ግን እወቁት። ከገባ ከዓመታት በኋላ አንዱ ጡት በድንገት ሲያብጥ፣ ዙሪያው ውሃ ሲቋጥር፣ ወይም እብጠት ሲዳሰስ ነው። ቶሎ ከተያዘ ብዙውን ጊዜ ሲሊከኑንና ጠባሳውን በሙሉ ማውጣቱ ይበቃል። ችላ ከተባለ ይሰራጫል። ምልክት የሌላት ሴት ግን ሻካራ ቢሆንም እንኳ ታውጣው አላሉም፤ ትከታተል ነው ያሉት።

በጥቅምት 2021 ኤፍዲኤ በጡት ሲሊከን ላይ በጥቁር ሣጥን የሚታተመውን ከባዱን ማስጠንቀቂያ አደረገ። ሐኪሙም ከኦፕራሲዮኑ በፊት አደጋዎቹን አንድ በአንድ ከሴትየዋ ጋር አንብቦ የሚፈራረሙበት ቅጽ አብሮ ወጣ። ማለዳ፣ አሜሪካ ስላለሽ ያንን ቅጽ ጠይቂ። ኢስታንቡል ብትሄጂም አንብበሽው ሂጂ።

ሶስና (ሲያትል)

ስለ ድካሙ ማንም አላነሳም። እህቴ ካስገባች ከ3 ዓመት በኋላ መገጣጠሚያዋን ያማታል፣ ፀጉሯ ይረግፋል፣ ቡና አፍልታ ረከቦቱን የት እንዳስቀመጠች ትረሳለች። ሐኪሞቹ «ደምሽ ደህና ነው» እያሉ መለሷት። አምና አስወጣችው። አሁን ተሽሏታል። ከሲሊከኑ ነው ይባላል?

የሌሊት ተረኛ (ቨርጂኒያ)

ሶስና፣ እህትሽ ብቻዋን አይደለችም። ብዙ ሴቶች እንዲህ ይላሉ። ከላይ የተባለው የ2021 ማስጠንቀቂያ ውስጥም ገብቷል። «ይሄ ነው» ብሎ የሚለይ የደም ምርመራ ግን የለም፣ ምክንያቱም በደንብ አልታወቀም። ካስወጡት ብዙዎቹ ተሻለን ይላሉ፤ ያልተሻላቸውም አሉ። እንዲህ የሚሰማት ሴት ካለች ታይሮይዷንና የደም ማነሷን አስቀድማ ትመርመር። በሲሊከን አሳብባ ሌላ በሽታ እንዳያመልጣት። ሐኪም «ጭንቀት ነው» ብሎ ከመለሳት ደግሞ ሌላ ሐኪም ጋ ትሂድ።

ማክዳ (ሪያድ)

ይቅርታ፣ እኔን ደግሞ አንዲት ሴት ቢላ የለውም፣ በመርፌ ብቻ ነው፣ ቤት መጥቼ እወጋሻለሁ ብላኝ ነበር። ይሄስ?

የሌሊት ተረኛ (ቨርጂኒያ)

ማክዳ፣ በጭራሽ! በሩን አትክፈቺላት። ከረጢት ውስጥ ያለው ቢቀደድም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ላይ ይወጣል። በመርፌ የተወጋ ፈሳሽ ሲሊከን ሥጋ ውስጥ ይበተናል፣ ለቅሞ ማውጣት አይቻልም። ደም ሥር ከገባ ሳንባና አንጎል ይደርሳል። ሰው ሞቶበታል። ጡት ለማስተለቅ በመርፌ የሚወጋ ሲሊከን ኤፍዲኤ ለማንም አልፈቀደም።

ማክዳ (ሪያድ)

እሺ እትዬ። ቁጥሯን አጠፋሁት።

አልማዝዬ (ሚኒያፖሊስ)

የ52 ዓመት ሴት ነኝ። ወጣቶቹ ስለማያስቡት ነው እንጂ ማሞግራምም (የጡት ካንሰር የሚፈለግበት ራጅ) አለ። ሲሊከኑ ፎቶው ላይ የጡቱን ሥጋ በከፊል ይሸፍናል። ቀጠሮ ስትይዙ በስልክ ንገሯቸው። ሲሊከኑን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ተጨማሪ ፎቶ ያነሳሉ፣ ሰዓቱም ይረዝማል። እኔ ሳልናገር ሄጄ ሳያነሱኝ መልሰውኛል።

ማለዳ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቀብዱን አልላክሁም።

ሐሳቤን ፈጽሜ ቀይሬያለሁ ብዬ አልዋሻችሁም። አሁንም እፈልጋለሁ። ግን ትናንት እዚሁ ሜሪላንድ አንዲት የፕላስቲክ ሰርጀሪ ስፔሻሊስት ጋ ለምክር ብቻ ቀጠሮ ያዝኩ። ጥያቄዎቼን ስልኬ ላይ ጽፌያለሁ። ጆሮዬን አሳያታለሁ። የት ነው የምትቆርጪው እላታለሁ። ከጡንቻ በላይ ነው ወይስ በታች፣ ለምን? ልሙጥ ነው ሻካራ? ከ10 ዓመት በኋላ ቢጠነክር ማን ያወጣዋል፣ በስንት? ከወለድኩ በኋላ ባደርገውስ?

ብርቱካን (ለንደን)

የመጨረሻውን መጀመሪያ ጠይቂያት።

ደስታ በደስታ (ዱባይ)

እትዬ፣ ካርዱን ሦስት ቀን ፈለግኩ። ክሊኒኩ ስልክ አያነሳም። ዛሬ ጠዋት የድሮ ፓስፖርቴ ሽፋን ውስጥ ሁለት ትንንሽ ተለጣፊዎች አገኘሁ፤ አንዱ የግራ፣ አንዱ የቀኝ። ቁጥር አለበት። «ቴክስቸርድ» ይላል። ሻካራው ማለት ነው አይደል? እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

የሌሊት ተረኛ (ቨርጂኒያ)

እህቴ፣ መጀመሪያ ውሃ ጠጪ። አዎ፣ ሻካራው ነው። ከሁለት አንዱ አብጦብሻል? ከበፊቱ ተለይቶ የከበደሽ አለ? የሚዳሰስ እብጠት፣ ሽፍታ?

ደስታ በደስታ (ዱባይ)

የለም። አሁን መስታወት ፊት ቆሜ ነው የማየው። እኩል ናቸው። ብብቴንም ዳሰስኩ።

የሌሊት ተረኛ (ቨርጂኒያ)

እንግዲያው ዛሬ የሚያስሮጥ ነገር የለም። ምልክት የሌላት ሴት ታውጣ አይባልም። ግን ከ2016 ወዲህ አልታየሽም፣ ስለዚህ አልትራሳውንድ ይገባሻል። ተለጣፊዎቹን ይዘሽ ሂጂ። የኩባንያውን ስምና ቁጥሩን ሐኪሙ ከተሰበሰቡት ዝርዝር ጋር ያመሳክርልሽ። ውጤቱን ስትሰሚ እዚህ ጻፊ፣ ቀንም ሆነ ሌሊት አየዋለሁ።

ደስታ በደስታ (ዱባይ)

ማክሰኞ ጠዋት ቀጠሮ ሰጡኝ። ተለጣፊዎቹን ፎቶ አንስቼ ለእህቴም ልኬላታለሁ።